ከማጠቢያ ገንዳ ነፃ ላወጡን ክብርት ኃላፊ

ለአካባቢያችን የማኅበራዊ ጉዳይና የእኩልነት ጽሕፈት ቤት ክብርት ኃላፊ
ባሉበት

ክብርት ሆይ፣

እንደምን ሰነበቱልኝ? ጤናዎ፣ ሥራዎ፣ ቤተሰብዎ እንዴት ነው? በማዕከልዎ ምረቃ ቀን ድምፅዎ ሻከር ብሎ ስለሰማሁት ሳስብዎት ሰነበትኩ። ስለ ሌላው ሰው ድካም ብዙ የሚናገር ሰው ጉሮሮው መጎዳቱ አይቀርምና ለብ ያለ ውሃ በማር ይሞክሩ። ለብ ያለ ውሃ እኛ ዘንድ ጠፍቶ ነው እንጂ በፔርሙስ እልክልዎት ነበር።

እኛስ ደህና ነን። የእኛን ደህንነት መስማት እንደሚወዱ በየስብሰባው ስለሚናገሩ ግን እንዲሁ በደፈናው አላልፈውም፤ ከጎረቤቴ ልጀምር። እትዬ መርፌን ያውቋቸዋል። አራተኛው ፎቅ ላይ፣ ከእኔ በር ፊት ለፊት የሚኖሩት ልብስ ሰፊ ናቸው። ከሕንፃችን ጀርባ ባለው መንገድ ያደገ ልጅ ሁሉ የትምህርት ቤት ልብሱን ያሳጠሩለትም ያስረዘሙለትም እሳቸው ናቸው፤ እርስዎም ከዚያው መንገድ የወጡ ስለሆኑ፣ ጉልበትዎ ላይ የተጣፈውን ቢረሱት እንኳ የጣፈውን እጅ አይረሱትም ብዬ ነው። ስትሮክ መትቷቸው ግራ ጎናቸው አልታዘዝ ካላቸው ዓመት አልፎታል። አንደበታቸው ግን፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ እንደ መርፌያቸው ሰልቶ አለ። ባለፈው የጤና ጣቢያው ሐኪም መጥቶ «እማማ፣ ምን ይሰማዎታል?» ቢላቸው፣ «የሚሰማኝማ ያንተ ጫማ ነው፤ ሲጢጥ ይላል» አሉት።

ልጃቸው ያቺ አውቶቡስ ነጂዋ ናት። እሷንማ እንዴት አያውቋት፤ ምርጫው ሲደርስ ፎቶዋን በየግድግዳው የለጠፉት እርስዎ ነዎት። «መሪው በእጇ ነው» የሚል ጽሑፍ ነበረበት። የልጅ ልጃቸውም ደህና ናት፤ የፊት ጥርሷ ወልቆባት አፏን በእጇ ሸፍና ትስቃለች። እትዬ መርፌ ግን ወገባቸው ሥር ቁስል ወጥቶባቸዋል፣ መኝታ የሚያመጣው ዓይነት። የዚህ ደብዳቤ ነገር ሁሉ የሚያርፈው እዚያ ቁስል ላይ ስለሆነ፣ ሲያነቡ ዓይንዎን ከዚያ እንዳያነሱብኝ በትሕትና እለምናለሁ።

እኔ የዳቦ ቤቷ ሻጭ ነኝ። ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ላይ የቆመ ነው፤ እርስዎን የሚመጥን ቋንቋ ባይኖረኝ ይቅር ይበሉኝ። ደብዳቤውን ባለቤቱ የዳቦ ቤቱ መስኮት ላይ እንድለጥፈው ፈቅዶልኛል፣ ሰው ዳቦ እስኪወጣ ሲጠብቅ ያነበዋል። የእርስዎንም ፖስተር የለጠፍኩት እዚያው መስኮት ላይ ነበር፤ የማጣበቂያው ምልክት እስካሁን ቢፈገፈግ አልለቅም ብሏል። ይህን የምነግርዎት ማን እንደሆንኩ እንዲያውቁት ነው። የመረጥኩዎት ነኝ። «እናቶቻችን ቤት ውስጥ የሚሠሩት ሥራ፣ ሥራ ነው» ሲሉ ከሁሉ ቀድሜ ያጨበጨብኩት እኔ ነኝ፣ ዛሬም ቢሉት አጨበጭባለሁ። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ሠርታ «ምን ትሠራለች?» ሲሏት «ቤት ነው የምውለው» ስትል የኖረች ሴት ናት፤ ያንን ቀን ብትኖር ብዬ አልቅሻለሁ። ስለዚህ «ይቺ ሴትዮ ለውጥ አስፈርቷት ነው» ብለው በቀላሉ እንዳይገላገሉኝ። እኔ ለውጡ ይምጣ ብዬ በር ላይ ቆሜ ስጠብቅ የነበርኩ ሰው ነኝ። ሲመጣ ነው ረግጦኝ ያለፈው።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልግባ። ብዙ ነው፣ በቁጥር አደርገዋለሁ።

አንደኛ። የማጠቢያ ክፍላችንን ስለ ዘጉልን ከልብ አመሰግናለሁ። ለማያውቅ አንባቢ ልንገር፦ በሕንፃችን ምድር ቤት ሁለት ትልልቅ የሲሚንቶ ገንዳዎች፣ እንደ ሽማግሌ የሚያጉረመርም የውሃ ማሞቂያና ከግድግዳ ግድግዳ የተወጠረ ገመድ ያለበት ክፍል ነበር። በእኛ ሕንፃ ውሃ ወደ ላይ መውጣት አይወድም፤ አራተኛው ፎቅ ሲደርስ ቧንቧው ያለቅሳል እንጂ አይፈስም። ማጠቢያ ማሽን የገዛች ጎረቤታችን እንኳ ማሽኗ ውሃ ሲጠብቅ፣ ሲያቃስት ስለሚውል አሁን ቴሌቪዥን አስቀምጣበታለች። ስለዚህ ሕፃን ያለው፣ ሕመምተኛ ያለው፣ ሁሉም ቋጠሮውን ይዞ ምድር ቤት ይወርድ ነበር።

ከዚያ ጽሕፈት ቤትዎ ጥናት አጠና። መነጽሯን ግንባሯ ላይ የምትሰቅል አንዲት ባለሙያ ልጅ መጥታ ገንዳው አጠገብ ቆማ ስታየን ሰነበተች። ጨዋ ልጅ ናት፣ ክፋት የለባትም፤ አንሶላ ስንጨምቅ አንዱን ጫፍ ያዢልን ብንላት ግን «እኔ ጣልቃ መግባት አይፈቀድልኝም» አለችን። ጥናቱ የደረሰበትን እርስዎ ያውቁታል። በዚያ ክፍል ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ደክሞት ተገኘ። ድካሙ ከየት መጣ ተብሎ ሲፈለግ፣ ሲፈለግ፣ ገንዳው ተያዘ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኸው ነው። እርስዎም ሪባኑን ከቆረጡ በኋላ «ይህ ገንዳ የእናቶቻችን የጭቆና ምልክት ነበር፤ ዛሬ የለም» አሉ። እውነትዎን ነው፣ የለም። አንሶላው ግን አለ። አንሶላው ምረቃው ላይ አልተጠራምና፣ ነፃ መውጣታችንን ሳይሰማ እንደ ልማዱ በየቀኑ ይረጥባል።

ክፍሉማ አምሯል፣ የሰው ሐቅ አልበላም። «የእንክብካቤ ማዕከል» የሚል ጽሑፍ በሩ ላይ ተሰቅሎለታል። ግድግዳው እንቁላል አስኳል መስሏል፣ ለስላሳ ወንበሮች ክብ ሠርተው ተደርድረዋል፣ ጥግ ላይ የፕላስቲክ አበባ አለ። አበባው ውሃ አይጠይቅም፤ አስተውለው ነው የመረጡት። ቧንቧዎቹ ከግድግዳው ውስጥ ተደፍነዋል፣ ማሞቂያው ግን እስካሁን ከጀርባ ይሠራል ይባላል፤ ወንበሮቹ እንዳይበርዳቸው።

ሁለተኛ። ወንዶቻችንን ወደየቤታቸው ስለ መለሱልን አመሰግናለሁ። ከማጠቢያው ክፍል ጎን የሚኖሩት አናጢው ጋሼ፣ ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ የራሳቸውን ልብስ ለማጠብ ብቅ ማለት ጀመሩ፤ በመጀመሪያ ሰው በሌለበት ሰዓት እንደ ሌባ፣ በኋላ በግላጭ። እያለ እያለ የእትዬ መርፌን አንሶላ መጭመቅ የእሳቸው ድርሻ ሆነ። ክንዳቸው መጋዝ የለመደ ስለሆነ እሳቸው የጨመቁት አንሶላ ገመድ ላይ ሳይወጣ የደረቀ ይመስላል። እሳቸውን አይቶ አንዱ ባል ወረደ፣ ያኛውን አይቶ ሌላው ወረደ፤ ሚስቶቻቸው ከላይ ሆነው «ነጩን ከቀዩ እንዳትቀላቅል» እያሉ በደረጃው ይጮሁባቸዋል። ወርክሾፕ አልነበረም፣ አበል አልነበረም፣ ባነር አልነበረም። እርስዎ አደባባይ ላይ ወንዶች የቤት ሥራ ይካፈሉ ሲሉ እሳቸው እዚያ ምድር ቤት እስከ ክርናቸው አረፋ ውስጥ ገብተው ነበር። አሁን በማዕከልዎ «ወንዶችን ወደ እንክብካቤ ሥራ እንዴት እናምጣ» የሚል ውይይት ሲደረግ በሩ ላይ ቆም ብለው ሰሙና «ከየት ነው የሚያመጡን? እዚሁ ነበርን እኮ» ብለው ገቡ፤ በራቸውን ዘጉ።

ሦስተኛ። ስለ እጄ። ባለሙያዋ በጥናቱ ጊዜ ፎቶ ታነሳ ነበር። አንድ ቀን እጄን ከገንዳው ውስጥ ሳላወጣ «እንደዚያው ቁሚልኝ» አለችኝና አነሳችኝ። አሁን ያ ፎቶ በር በሚያህል መስታወት ውስጥ ሆኖ የማዕከልዎ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። እጅ ብቻ ነው፣ ፊት የለውም፤ ከሥሩ «ድምፅ አልባዎቹ እጆች» ይላል። ድምፅ እንኳ አለኝ፤ ዳቦ ቤት ስሠራ ተራ የሚዘል ሰው ከመንገዱ ማዶ ነው የሚሰማኝ። ፎቶው ያማረ ነው፣ አረፋው ራሱ የሚንቀሳቀስ ይመስላል። የተሰቀለውም በትክክል ገንዳው በነበረበት ቦታ ነው። እጄን የምነክርበትን ገንዳ አፍርሰው፣ እጄን ገንዳው ውስጥ እንደነከርኩ በፍሬም አድርገው ከገንዳው ፈንታ ሰቀሉልኝ። ለውጥ ማለት ያልነበረንን ማምጣት ይመስለኝ ነበር፤ የነበረንን ወስዶ ሥዕሉን መመለስ መሆኑን ያወቅሁት ከእርስዎ ነው፤ ለትምህርቱ አመሰግናለሁ።

አራተኛ። ይኼኛውን ቁጭ ብለው ያንብቡልኝ፤ ስለ መቆንጠጫዎቹ ነው።

እኛ ሕንፃ ውስጥ አንድ ልማድ አለ፤ ማን እንደጀመረው የሚያውቅ የለም። ልብስ ማስጫ መቆንጠጫ በሩ እጀታ ላይ የሰካ ሰው፣ ከበሩ ሥር ቋጠሮ አስቀምጧል ማለት ነው። እጁ ባዶ ሆኖ በዚያ ያለፈ ሰው መቆንጠጫውን ነቅሎ፣ ቋጠሮውን አንስቶ ይሄዳል፤ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ተጣጥፎ ከበሩ ሥር ሲመለስ መቆንጠጫው ከላይ ይሆናል። መቆንጠጫ የሌለውን ቋጠሮ ግን ማንም አይነካም፤ ባለቤቱ ራሱ ሊያጥበው ነው ማለት ነው። ማንም አይለምንም፣ ማንም አይመሰገንም። የማን አንሶላ ለምን እንደረጠበ የሚናገር የለም። የታመመ ሰው ክብሩ ቀጭን ነው፣ ክብርት ሆይ፤ «እባካችሁ እጠቡልኝ» የምትል ቃል እንኳ ትበጥሰዋለች። ያቺ የእንጨት ቁራጭ ያንን ቃል ትሸፍንልን ነበር። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይላሉ። እርስዎ ተረቱን ሰምተው ጌጡን ብቻ ያዙ መሰለኝ፤ ወስደው ግድግዳ ላይ ሰቀሉት።

ክፍሉ ከተዘጋ በኋላ እንኳ በመቆንጠጫዋ ቆይተን ነበር። ያነሳነውን ቋጠሮ እየያዝን አንዱ እህቱ ቤት፣ አንዱ መሥሪያ ቤቱ፣ እኔም ዳቦ ቤቱ ጓሮ እየወሰድን በየገባንበት እናጥብ ነበር፤ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ቢሆንም ይቻላል። የምረቃው ቀን ሲቃረብ ግን ባለሙያዋ በሮቻችን ላይ ያሉትን መቆንጠጫዎች አየች። ምን እንደሆኑ አልጠየቀችም። በደረጃው እየወጣች ለቀመቻቸው። «የሴቶች የዝምታ ምልክቶች» በሚል ርዕስ በመስታወት ሣጥን ውስጥ፣ ከሥራቸው መብራት ተደርጎላቸው፣ ለኤግዚቢሽን ቀረቡ። የእትዬ መርፌ ሰማያዊ ናት፣ ጫፏ የተሰነጠቀች፤ ሣጥኑ ውስጥ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነበረች።

አሁን የሆነውን ልንገርዎት። ነጂዋ ሌሊቱ ሳይነጋ ነው ወደ ሥራ የምትወጣው። ቋጠሮውን በሩ ሥር አስቀምጣ፣ መቆንጠጫውን ሰክታ፣ ቁልፉን እኔ ጋ ትታ ትሄዳለች። መቆንጠጫ ያየ ሰው ቋጠሮውን ብቻ አይደለም የሚያነሳው፣ ቁልፉን ከእኔ ወስዶ ይገባል፣ እትዬ መርፌን ያገላብጣል፣ ከሥራቸው ያለውን ይለውጣል፣ ሁለት ቃል ተሰድቦ ይወጣል። ባለሙያዋ መቆንጠጫዎቹን የለቀመች ቀን ግን በሩ ላይ ምንም የለም። የወጣውም የወረደውም አየ፣ ዛሬ እሷ ራሷ ሳትሄድ ለውጣላቸዋለች ማለት ነው አለ፣ አለፈ። እኔም ያን ሳምንት ዳቦ ቤቱ ውስጥ ሁለት ፈረቃ ይዤ ነበር፤ ተመልሼ በሩን አየሁ፣ መቆንጠጫ የለም፣ ደህና ናቸው አልኩ፣ ገባሁ። ነጂዋ ማታ ስትመጣ መቆንጠጫው ተነስቷል፣ ቋጠሮው አለ። እናትዋ ረጥበው ውለዋል። በማግስቱ ሌላ መቆንጠጫ አደረገች፣ እሱም ተነሳ፣ ቋጠሮው አለ። በሦስተኛው ቀን አላደረገችም። ለእኛ አልነገረችንም፣ ምክንያቱም የእኛ ልማድ አለመናገር ነው። እሷ ሰለቸናቸው ብላ አፈረች፤ እኛ ደግሞ ራሷን ቻለች ብለን ደስ አለን። እርስ በርሳችን በደረጃው ላይ «ደህና ዋልሽ፣ ደህና ዋልሽ» እየተባባልን ነው ያ ሁሉ የሆነው።

እትዬ መርፌስ አይናገሩም ወይ ይሉኝ ይሆናል። እኔም ጠይቄያቸዋለሁ። «ሰው ሲደክመው ይደክመዋል፣ ምን ብዬ ልጣራ?» አሉኝ። እኚያ ሐኪም በጫማው የሚሰድቡ ሴትዮ፣ አንዲት ቀን እንኳ ግድግዳዬን አላንኳኩም። ቁስሉ የወጣው በዚያ ሳምንት ነው። ነገሩ የተገለጠልን ደግሞ በእርስዎ ምረቃ ላይ ነው። ነጂዋ ፖስተር ላይ ያለች ሴት ናትና የክብር ወንበር ተሰጥቷት ነበር፤ እርስዎ እየተናገሩ ወደ መስታወቱ ሣጥን ዞር ስትል ሰማያዊቷን መቆንጠጫ አየቻት። ወደ እኔ ዞራ አየችኝ። ማን እንደነቀላት ሁለታችንም ያኔ ገባን። እርስዎ ዓይናችን ላይ እንባ ሲያዩ በንግግርዎ የተነካን መስሎዎት ቆም ብለው አስጨበጨቡልን። ይህን አልረሳውም።

አምስተኛ። ስለ መስተንግዶው። በማግስቱ ወደ ማዕከልዎ ሄጄ ነበር። ባለሙያዋ ደስ ብሏት ተቀበለችኝ፣ ከክቡ ወንበሮች አንዱ ላይ አስቀመጠችኝ። ውሃ እንፈልጋለን፣ መቆንጠጫዎቻችንም ይመለሱልን አልኩ። «መጀመሪያ ምን እንደተሰማሽ እንነጋገር» አለችኝ። ውሃ ነው የሚያስፈልገኝ አልኩ። «እሺ፣ ከውሃው በስተጀርባ ያለው ስሜት ምንድን ነው?» አለች። ከውሃው በስተጀርባ ያለው አንሶላ ነው አልኳት። ቢጫ ወረቀት ላይ «ፍላጎት» ብላ ጻፈችና ግድግዳው ላይ ለጠፈችው። መቆንጠጫዎቹ ግን አሁን የኤግዚቢሽኑ አካል ስለሆኑ ሊነኩ እንደማይችሉ በአክብሮት ገለጸችልኝ። ስወጣ ስለ ጊዜዬ አመሰገነችኝ። ጊዜዬን መልሳ አልሰጠችኝም እንጂ ምስጋናውን ተቀብያለሁ።

ስድስተኛውን ምስጋና ጽፌው ነበር፣ ሰርዤዋለሁ። ስሜት ውስጥ ገብቼ ነው፤ ለእርስዎ የማይገባ ቃል ወጣኝ።

እንግዲህ ነገሩ አሁን ያለበት ይህ ነው። ሐኪሙ ቁስሉ ሳይጠልቅ ከተያዘ ይድናል፣ ግን በየቀኑ ንጹሕና ደረቅ አንሶላ፣ በቀን ደጋግሞ መገላበጥ ያስፈልጋል ብሏል። ያ ካልተቻለ ከከተማው ዳር ወዳለው መጦሪያ ይግቡ አለ። መጦሪያውን አይቼዋለሁ። አልጋዎቹ በመስመር ናቸው፣ መስኮቶቹ ከፍ ብለው የተሠሩ ስለሆነ ተኝቶ ሰማይ እንጂ መንገድ አይታይም። እትዬ መርፌ ደግሞ መንገድ ካላዩ፣ የሚያልፈውን ሰው ኮት እያዩ «እጅጌው ተንጋዷል» ካላሉ፣ የሚኖሩ አይመስለኝም። ልጃቸው መጦሪያ አላስገባም ብላ ለአለቃዋ ሥራ እንደምትለቅ ተናግራለች። እሱም እስከ ወሩ መጨረሻ ነው ጊዜ የሰጣት። አስተውለውታል አይደል? መሪው በእጇ ነው ብለው በየግድግዳው የለጠፏት ሴት፣ እርስዎ ከገንዳ ነፃ ስላወጧት መሪውን ለቃ ወደ ቤት ልትገባ ነው። ፖስተሩን ካላነሱት፣ እባክዎን ጽሑፉን «መሪው በእጇ ነበር» ብለው ያስተካክሉት።

ስለ እንክብካቤ ብዙ ስለሚያውቁ እኔ የማውቀውን ጥቂት ብጨምር አይቀየሙኝም። እንክብካቤ እርጥብ ነገር ነው። ይሸታል። ከሥሩ ፕላስቲክ ይነጠፋል፣ ጥፍር ውስጥ ይገባል፣ ወገብ ይቆርጣል። መሃል ላይ ደግሞ የሚያስቅ ነገር አለው፤ እትዬ መርፌን ሳገላብጥ «ቀስ በይ፣ ሊጥ አይደለሁም» ሲሉኝ ሁለታችንም እስኪያመን እንስቃለን። ይህ ሥራ ሥራ ነው ያሉት ትክክል ነበሩ። ታዲያ ሥራ ከሆነ መሥሪያ ቦታ ይፈልጋል። አናጢን የሚያከብር ሰው መጋዙን ነጥቆ «ከድካምህ ገላገልኩህ» አይለውም። አውቶቡስ ነጂን የሚያከብር ሰው መሪውን ነቅሎ አይሰቅልም። እኛን ብቻ ነው ማክበር ሲያምራችሁ ዕቃችንን የምትወስዱት።

የምንለምነው ትንሽ ነው። አዲስ ሕንፃ አይደለም፣ ወርክሾፕ አይደለም፣ ከእርስዎ ጋር ፎቶ መነሳትም አይደለም። ከሁለቱ ገንዳ አንዱ ይመለስ፤ አናጢው ጋሼ ሲሚንቶውን እኔ እለስነዋለሁ ብለዋል። የተደፈነው ቧንቧ ይከፈት፣ ማሞቂያው ለወንበር ሳይሆን ለሰው ይሥራ። ወንበሮቹ ይቆዩ፣ አንሶላ እስኪደርቅ እንቀመጥባቸዋለን፤ ውይይትም ከፈለጉ ያኔ እንወያያለን፣ እጃችን ሥራ ላይ ሲሆን አፋችን የተሻለ ይናገራል። የእጄን ፎቶ ውሰዱት፣ ጽሕፈት ቤትዎ ይሰቀል። መቆንጠጫዎቻችንን ግን መልሱልን። ሌላ ግዙ እንዳይሉኝ፤ ገዝተናል። ሰው ግን አሁን በር ላይ መቆንጠጫ ሲያይ ኤግዚቢሽን ነው ወይስ ቋጠሮ ነው ብሎ ይቆማል። ያንን ነው የወሰዱብን።

ከዚህ በላይ የከበረ ጊዜዎን አልሻማም። ስለ እኛ በመናገር ሥራ ስለሚበዛብዎት እኛን ለመስማት ጊዜ እንደማይተርፍዎት እረዳለሁ። ጤናና ዕድሜ ይስጥዎት፤ አንድ ቀን መኝታ ላይ ሲውሉ ደግሞ፣ አያድርገውና፣ ስሜትዎን የሚጠይቅ ሳይሆን አንሶላዎን የሚለውጥ ሰው ይስጥዎት እያልኩ፣ በታላቅ አክብሮት፣ ከገንዳው ነፃ ወጥታ በባልዲ የተያዘችው፣ ፊት የሌላት የግድግዳዎ እጅ፣

የዳቦ ቤቷ ሻጭ፣
ከአራተኛው ፎቅ

ድጋሚ ልጨምር፦ ደብዳቤውን ከጨረስኩ በኋላ፣ መስኮት ላይ ሳልለጥፈው፣ ሰዎች መጥተው ነበርና እሱንም ልንገርዎት።

መጀመሪያ የማዕከልዎ ዘበኛ መጣ። ዳቦ ሊገዛ መስሎኝ ነበር። «እሷ ሰማያዊዋ የቱ ናት? ሣጥኑን ሳጸዳ ልከፍተው እችላለሁ» አለኝ። ለሰው እንጀራ መዘጋት ምክንያት መሆን አልፈልግምና ተወው አልኩት። ቢሆንም ዳቦውን ከወሰደ በኋላ ባንኮኒው ላይ የሆነ ነገር ረስቶ ሄዷል። ምን እንደሆነ አልነግርዎትም፤ ሁለተኛውን ረድፍ ይቁጠሩ።

ቀጥለው ወይዘሮ እናትዎ መጡ። አባትዎ ከወደቁ ወዲህ አልጋ ላይ መሆናቸውን እኛም በወሬ ሰምተናል፤ ፈጣሪ ይማራቸው። ቤታቸው ውሃ ከቆመ ሰንብቷል አሉ። ቋጠሮ ይዘው፣ እንደ ድሮው የእኛ ሕንፃ ማጠቢያ አለ ብለው፣ በዚያ ጉልበታቸው ምድር ቤት ወርደው ነበር። ዘበኛው «እማማ፣ እዚህ አሁን የሚታጠብ የለም፣ የሚወራ ነው ያለው» ብሎ አንዱ ለስላሳ ወንበር ላይ አሳረፋቸው። ቋጠሮውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ፎቶውን ቀና ብለው አይተው «ይሄ የማን እጅ ነው? ደክሟል» አሉት። እሱ ነው ወደ እኔ ያመጣቸው።

ቋጠሮውን ተቀብያቸዋለሁ። አናጢው ጋሼ ጨምቀውታል፣ አሁን ዳቦ ቤቱ ጓሮ ገመድ ላይ ነው፤ የአባትዎ ፒጃማ አዝራሩ ወልቆ ስለነበር እትዬ መርፌ በደህናው እጃቸው ካልሰፋሁ ብለው ይዘውታል፣ ነጂዋ ጨርቁን ትወጥርላቸዋለች። ክፍሉን ማን እንደዘጋው እናትዎ ጠይቀውን ነበር። አልነገርናቸውም፤ ይህን ለእርስዎ ትተነዋል። ሲሄዱ የዳቦ ቤቱ በር ላይ ዞር ብለው እንዲህ አሉኝ፦ «አይዞሽ ልጄ፣ እኔ ለልጄ እነግራታለሁ። ስልክ ስታነሳልኝ እነግራታለሁ። እሷ እንዲህ ያለ ግፍ ብትሰማ ዝም አትልም።»